ለረምላ የተቀዳው ከበሮ

በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እኔና ጋሽ ተፈራ አንድ ትልቅ ስፒከር ግራና ቀኝ ይዘን በሐረር ጀጎል ግንብ በኤረር በር ስንገባ፣ በሩ ጥግ ጫት ዘርግተው የተቀመጡት ሴቶች ገበያቸውን ትተው እኛን ማየት ጀመሩ። አንዷ፣ «አቦ! ሰርጉ የማን ነው?» ብላ ጮኸች።

ጋሽ ተፈራ ላቡን በትከሻው እየጠረገ፣ «የእኔና የእሷ ነው፤ ሚዜ አጥተን ራሳችን ተሸክመን መጣን» አላት።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ጊዜ ሰው ፊት መሳቅ አልችልበትም ነበር።

ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሐረር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ የአባቴ አያት ከሸዋ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው። እናቴ የአልጋ ቁራኛ በሆነች ጊዜ የቤቱ ትልቅ ልጅ እኔ ስለነበርኩ፣ ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኔ ከእሷ ጋር ቀረሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በቀበሌው አዳራሽ ልጅ ከሚያጠቡ ሴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያቆመኝ አልቻለም። አሥረኛ ክፍልን በማታ ትምህርት ጨረስኩ። መጽሐፍ ባጣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አስተካክዬ አነብ ነበር። በሰባዎቹ መጨረሻ በአንድ የባህል ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ በካሴት የሚቀዳውን ዘፈንና ተረት መመዝገብ ነው፦ ማን ዘፈነ፣ የት፣ ስንት ደቂቃ፣ የት ላይ ሰው ሳል ያዘው፣ የት ላይ በር ተንጓጓ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ስሕተት አይወድም። ቅጂው ውስጥ ሳይጠራ የገባ ድምፅ ሁሉ በመዝገቤ ላይ ይሰመርበትና «ይጥፋ» ተብሎ ይጻፍበታል። የማጥፋቱ ሥራ የጋሽ ተፈራ ነው።

ጋሽ ተፈራ የጽሕፈት ቤቱ ቴክኒሺያን ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ፣ በወታደር ቤት ዘመኑ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ የነበረ ሰው። ቀልዱ በአፉ ነው፤ እጁ ግን አይቀልድም።

የምንሄደው እማማ ሙሚና ቤት ነበር። በጀጎል ውስጥ የእሳቸው ከበሮ ያልተመታበት ሰርግ፣ ሰዎቹ ተጋቡ እንጂ ተዳሩ አይባልም። ሐረሪዎች ከረቡ የሚሉትን ያን ከበሮ ሲመቱት፣ ድምፁ ከጆሮ ቀድሞ ሆድ ይገባል። በፊተኛው ዓመት ጽሕፈት ቤታችን ቀድቷቸው ነበር። ቅጂውን ላሰማቸው ቢሮ ጠራኋቸውና ካሴቱን ከፈትኩት። ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ፣ «ይሄን ጣሳ የሚደበድበው ማነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ።»

ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡና ወጡ። ከዚያ በኋላ ለጽሕፈት ቤታችን ሰው በራቸውን አልከፈቱም።

ስለዚህ በማክሰኞው ዋዜማ፣ ሰኞ፣ ራሳቸው መጥተው ፊቴ ሲቀመጡ ደነገጥኩ።

«ልጄ ብርቄ፣ ያ የማሽን ሰውዬሽ ከበሮዬን ከነሙሉ ሆዱ መያዝ ይችላል?»

«ለቢሮው ነው?»

«ለቢሮው አይደለም። ለረምላ ነው።»

ረምላ ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት፤ በእኔ ዕድሜ ገደማ። በአራት ዓመቷ የያዛት ትኩሳት ጆሮዋን ወስዶታል። አንደበቷም ያኔውኑ ተዘጋ። ስፌት ትሰፋለች፤ የእሷን ስፌት ግድግዳው ላይ ያልሰቀለች ሙሽራ ጀጎል ውስጥ ጥቂት ናት። እማማ ሙሚና እንዳጫወቱኝ፣ በየቀኑ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እስከ ከሰዓቱ የአስር ሶላት ድረስ ነደባው ላይ፣ ማለት በሐረሪ ቤት ውስጥ ከወለሉ ከፍ ተደርጎ በቀይ አፈር በሚለቀለቀው መደብ ላይ፣ ተቀምጠው ከበሮ ይመታሉ። ረምላ ደግሞ ጀርባዋን መደቡ ላይ ታስደግፋለች። የከበሮው ጎርናና ድምፅ በአፈሩ በኩል ጀርባዋ ውስጥ ይገባል። ወስፌዋ የሚሄደው በዚያ ነው።

«ልጄ ከዚህ ዓለም የምትሰማው አንድ ነገር የእኔን ከበሮ ነው» አሉኝ። «አምና ዓይኔን ልታከም ድሬዳዋ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ጎረቤቶቼ ተራ ገብተው መቱላት። ሁለቴ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ በሦስተኛው ከበሮውን ከእጃቸው ነጥቃ ጥግ አስቀመጠችው። የእናቷን እጅ ታውቃለቻ! ስመለስ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ አገኘኋት። ወላሂ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወስፌ አልነካችም፤ እህልም እንዲያው ነው።»

ከጉያቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የሐጅ ፈቃድ ነበር። ስንት ዓመት ደጅ ጠንተው ያገኙት ነው።

«ዓርብ በጠዋት እንነሣለን። የምቆየው ወደ ሁለት ወር ነው። የአላህን ቤት ሳላይ ብሞት ይጠይቀኛል፤ እሷን እንደዚያ ጥዬ ብሄድም ይጠይቀኛል። እስከ ሐሙስ ከበሮዬን ያዙልኝ። ረምላ ከተቀበለችው እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ። ካልተቀበለችው ይሄን ወረቀት እመልሰዋለሁ።»

ስፒከሩን ተሸክመን በኤረር በር የገባነው በዚህ ምክንያት ነበር። ከአንድ አዳራሽ ላይ ወርዶ፣ «ከንብረት የተሰረዘ» ተብሎ መጋዘን ውስጥ የተጣለ ነው። ጋሽ ተፈራ ድምፅ የሚያወጣውን የሳሳ የፊቱን ወረቀት በሙጫ ጠግኖ፣ ካሴቱ ሲከፈት ረምላ እጇን እንድታሳርፍበት ብሎ አመጣው።

ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ቀዳን። ማይክሮፎኑን ከበሮው ፊት አቆምን፤ እማማ ሙሚና «ቢስሚላህ» ብለው መቱ፤ እኔ ጻፍኩ። ከዚያ ጋሽ ተፈራ የስፒከሩን ገመድ ሰካና ከፈተው።

ረምላ ተንበረከከች። ረጃጅም ጣቶች አሏት። መዳፏን በስፒከሩ የወረቀት ፊት ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ሁላችንም አየናት። ጥቂት ቆየችና ዓይኗን ገለጠች፤ እናቷን አየች። አጠገቧ የነበረውን የጣሳ ኩባያ አነሣችና በጥፍሯ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ጋሽ ተፈራ፣ «እናትና ልጅ ተማክረው ነው እንዴ የሚሰድቡኝ?» አለ፤ ግን ፊቱ አልቀለደም።

ማይክሮፎኑን አስጠግተን ደግመን ቀዳን፤ ድምፁ ተንጣጣ። አራቅነው፤ ጎርናናው ሆዱ ጠፋ። ከበሮውን ከፍ፣ ዝቅ አደረግነው። አራት ጊዜ ቀዳን፤ አራት ጊዜ ረምላ መዳፏን አሳርፋ አነሣች። በአራተኛው ኩባያውን ማንሣትም አላስፈለጋት።

«የዚህ ማይክሮፎን ጆሮ ጠባብ ነው» አለ ጋሽ ተፈራ፣ ገመዶቹን እየነቀለ። «የሰው ወሬ ያስገባል፤ ዝሆን ግን አያሳልፍም። ከእሱ የተሻለ የለንም፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እማማ ሙሚና አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አልሐምዱሊላህ፤ ነገሩ ታወቀ» አሉ። ረምላን አዩዋት፤ በእጃቸው ወደ ራሳቸው አመለከቱ፤ ከዚያ ወደ መደቡ። እዚሁ ነኝ ማለታቸው ነው። ረምላ ገባት። ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ግን ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። የታጠፈውን ወረቀት ከእናቷ ጉያ ስባ አወጣችና እጃቸው ላይ አኖረችው። እናቷ ስንት ዓመት እንደለመኑት ታውቅ ነበር።

እማማ ሙሚና ወረቀቱን አስቀምጠው ከበሮውን ሳቡ። ልጃቸውን ሲያባብሉ ሌላ ቋንቋ አልነበራቸውም። መምታት ጀመሩ።

ረምላ ወደ ቦታዋ ልትሄድ ተነሣች። ስፒከሩ ግን መንገዷ ላይ ነበር። ገፋ ልታደርገው መዳፏን የስፒከሩ ወረቀት ላይ አሳረፈች፤ ቆመች። ጎንበስ አለች። ሁለተኛ እጇን ጨመረች። ከዚያ ዞር ብላ እናቷን ሳይሆን፣ ጋሽ ተፈራንም ሳይሆን፣ እኔን አየችኝ። እስከ ዛሬ ለምን እኔን እንደመረጠች አላውቅም። መጣችና የእጄን አንጓ ያዘችኝ፤ እስክሪብቶዬ ወደቀ፤ ጎትታ ወሰደችና እጄን ከእጇ አጠገብ አስቀመጠችው።

የስፒከሩ ወረቀት ይንቀጠቀጥ ነበር። ከእማማ ሙሚና እጅ ጋር እኩል፤ ወፍራሙ ምት ሲመጣ ወፍራም፣ ሲሳሳ ሳሳ እያለ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ስፒከሩ እየሠራ ነው።»

«ምን ይሠራል? ገመዱ እኔ እጅ ላይ ነው።»

«ይንቀጠቀጣል።»

«አጠገቡ ከበሮ እየተመታ ታዲያ ምን ያድርግ? ግድግዳው ላይ ያለው ሳህንም ይንቀጠቀጣል።»

እኔ በሕይወቴ አንድ ነገር ተናግሬ ሰው ካልሰማኝ ሁለተኛ የምደግም ሰው አልነበርኩም። የሚስቁብኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን አንጓዬ ገና በረምላ እጅ ነበር።

«ይሄ ነገር ሲናገር ነው የምናውቀው» አልኩት። «አሁን ግን እየሰማ ነው። ገመዱን ማይክሮፎኑ ቀዳዳ ውስጥ ብትሰካውስ?»

ከት ብሎ ሳቀ። «እኔስ ንባቡ አንድ ቀን ይጎዳሻል ብዬ ነበር! ብርቄ፣ ሰው በአፉ ይሰማል እንዴ?»

«ሰው አይሰማም። ስፒከሩ እየሰማ ነው። ና፣ ንካው።»

እየሳቀ መጣ፤ ነካው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «በወታደር ቤት...» አለ፣ «በወታደር ቤት አንድ ሳጥን ነበረን። ከጓድ ወደ ጓድ የምንነጋገርባት። ቁልፉን ስትጫኚ የምትናገሪባት፣ ስትለቂ የምትሰሚባት። ውስጧ ያለው አንድ ስፒከር ብቻ ነው። አንድ! ስንት ጊዜ በእጄ ፈትቼ ገጥሜያታለሁ። እኔ ደደብ!»

እማማ ሙሚና መምታታቸውን አቁመው፣ «ምን ሆናችሁ?» አሉ።

«ነገ እንመጣለን፣ እማማ» አለ ጋሽ ተፈራ። «ወረቀቷን እንዳይመልሷት።»

ረቡዕ ጠዋት ገመዱን በየደው፤ የካሴት መቅጃው ለየብቻ የሚቀዱ ሁለት ማስገቢያዎች ስለነበሩት፣ በአንዱ ያንን ጠባብ ጆሮ ማይክሮፎን፣ በሌላው ስፒከሩን ሰካ። «አንዱ ለእጃቸው፣ አንዱ ለሆዱ» አለ። ግን እንደዚያ በቀላሉ አልሆነም። ምድር ቤት ስንሞክረው ስፒከሩ ከበሮውን ብቻ ሳይሆን፣ ሦስተኛ ቤት በሙቀጫ የሚወቀጠውን በርበሬ ሁሉ ሰማ። «ጆሮ አጣን ስንል ጆሮው በዛ» አለ ጋሽ ተፈራ። እማማ ሙሚና በር ላይ ወጥተው በሐረሪኛ አንድ ነገር ጮኹ፤ ሙቀጫው ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ቤት ጀመረ።

ስለዚህ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣን። ወለሉ ሳንቃ ነው። ጋሽ ተፈራ ከስፒከሩ ሥር ብርድ ልብስ አጥፎ አነጠፈ፤ ከበሮውን ከወረቀቱ ፊት አንድ ስንዝር አርቆ አስቀመጠው። ረምላ ክፍሉን አቋርጣ ወዲያኛው ግድግዳ ሥር ተቀመጠች። እኔ መቅጃው አጠገብ ነኝ፤ የማስነሻውና የማቆሚያው ቁልፍ የእኔ ኃላፊነት ነው።

«ልጀምር?» አሉ እማማ ሙሚና።

ጫንኩት። ራሴን ነቀነቅሁላቸው።

ብዙ ከበሮ ሰምቻለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም፣ ሰርግም። እንደዚያ ቀን ያለ ግን አልሰማሁም። የሰርግ አልመቱም፤ የዚክር ጸሎትም አልመቱም። እያንዳንዱን ምት ልጃቸው ላይ እንደሚደርቡት ልብስ አስተካክለው ነበር የሚያኖሩት። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ዓይናቸውን ከእሷ አላነሡም። ሲጨርሱ እጃቸውን ከበሮው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ ተነሡና ክፍሉን አቋርጠው ሄዱ፤ ከረምላ ፊት ዝቅ ብለው በሻሻቸው ጫፍ ዓይኗን ጠረጉላት።

እኔ እነሱን እያየሁ ቁልፉን መጫን ረሳሁ። ካሴቱ ዝም ብሎ ዞረ። ስባንን ከበሮው ካለቀ ደቂቃ አልፎ ነበር። ተናደድኩ። መዝገቤን አወጣሁና፣ «ከከበሮው በኋላ የወለል ድምፅ፤ ይጥፋ» ብዬ ጻፍኩ፤ አሰመርኩበት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ቀን፣ ጋሽ ተፈራ ከቁራጭ ዕቃ የሠራትን ማጉያና የራሱን ካሴት ማጫወቻ ለረምላ ሊተውላት ይዞ መጣ። የስፒከሩን ገመድ ከማይክሮፎኑ መሰኪያ አውጥቶ ወደ ማጉያው አዞረው። የሰማበት ሊናገርበት ነው።

ረምላ ተንበረከከች። መዳፏን አሳረፈች። አሁን ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ተስፋ ያላደረገ ሰው ዓይኑን አይጨፍንም።

ጋሽ ተፈራ መጀመሪያ የማይክሮፎኑን ወገን ብቻ ከፈተ። የእጅ ቸብ ቸብታ ተሰማ። የረምላ ፊት አልተለወጠም። ሌላኛውን ቁልፍ ያዘና ቀስ እያለ አዞረው።

እኔ ያየሁት ትከሻዋን ነው። ከፍ ብሎ የነበረው ትከሻዋ፣ ከባድ እንስራ እንዳወረደች ሴት፣ ወረደ። መዳፏ አልተነሣም። እናቷን አየች፤ የእናቷን ባዶ እጆች አየች፤ ደግማ ስፒከሩን አየች። እናትየው እጃቸውን ከፍ አድርገው ባዶ መሆኑን አሳዩዋት። ረምላ በዝግታ ዞረች። ጀርባዋን ለስፒከሩ ሰጠች፤ ተደገፈችው። ሳታይ እጇን ዘርግታ ስፌቷን ሳበች። ወስፌው ገባ። ወጣ። ከምቱ ጋር ገባ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ እማማ ሙሚና፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጋሽ ተፈራ ያልላላ ብሎን ያጠብቅ ጀመር። እኔ እንኳ የምጽፈው አልነበረኝም።

ዓርብ በጠዋት ሄዱ።

የጽሕፈት ቤቱን ሥራ ስጨርስ ረምላን እያየሁ እመለስ ነበር። ቁልፎቹን በአንድ ቀን ነበር የተማረችው። አንዲት የአጎቷ ሚስት አብራት ታድር ነበርና፣ «ትበላለች?» ስላት፣ «ማሻአላህ፣ የእኔንም ትቀማኛለች» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ያ የወለል ድምፅ እንቅልፍ ነሣኝ። ከካሴቱ ለጽሕፈት ቤቱ አንድ ግልባጭ መውሰድ ነበረብን፤ ከዚያ በፊት የመጨረሻዋ ደቂቃ መጽዳት አለባት። ጋሽ ተፈራም፣ «አምጪውና ዝምታ እንቀዳበታለን፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ካሴቱን ልወስድ ሄድኩ።

ላይኛው ክፍል ስገባ ረምላ ካሴቱን ወደፊት እያሳለፈች ነበር። ከበሮውን ሁሉ አሳልፋ መጨረሻው ላይ አቆመችው። ተሳስታለች ብዬ፣ እንደ መምህር ነገር ቃጥቶኝ፣ እጄን ዘርግቼ ወደ መጀመሪያው ልመልስላት ስል እጄን በጥፊ መታችው። ቀልድ አልነበረም። አመመኝ።

ከዚያ ያንኑ የመታችውን እጅ ያዘችና የስፒከሩ ወረቀት ላይ አኖረችው።

ከበሮ አልነበረም። በጣም ለስላሳ ነገር ነው። አንድ ወፍራም፣ አንድ ሳሳ ያለ። አንድ ወፍራም፣ አንድ ሳሳ ያለ። እየቆየ፣ እየራቀ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ፊቴ ላይ አየችው መሰለኝ፣ ካሴቱን መለሰችና ተነሣች። ከስፒከሩ አጠገብ ጀመረች። በግራ እግሯ ጠንከር አድርጋ ረገጠች፤ ቀኙን እንደሚሳሱለት ዕቃ ቀስ አድርጋ አሳረፈች። ደግማ። እንደዚያ እያነከሰች ክፍሉን አቋርጣ ወዲያኛው ግድግዳ ደረሰች። ዝቅ አለች። በሻሿ ጫፍ የገዛ ዓይኗን ጠረገች።

እማማ ሙሚና ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር።

ያቺን አንዲት ደቂቃ በቀን ስንቴ እንደምትመልሳት የአጎቷ ሚስት ነገረችኝ፤ እኔ ቁጥሩን አልጻፍኩም። ከበሮው ለሥራዋ ነው። ይሄኛው ግን እናቷ ወደ እሷ ሲመጡ ነው፤ በየቀኑ፣ ያንኑ ክፍል አቋርጠው። እኔ ደግሞ ዝምታ ልቀዳበት መጥቻለሁ። ካሴቱን ሳልነካው ወረድኩ። ቢሮ ስደርስ ጋሽ ተፈራ፣ «የታለ?» አለኝ። ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ወለወለና፣ «ስንቱን አጥፍተናል፣ ብርቄ» አለ። የዚያን ዕለት ሁለታችንም ሥራ አልገፋልንም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ገጠመኝ የምጽፍላችሁ ጎርናና ድምፅ በስፒከር እንደሚቀዳ ላስተምር ብዬ አይደለም፤ እሱን ዛሬ ማንም ቴክኒሺያን ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ከመዝገብ ሥራዬ ወጥቼ መቅጃ ይዤ መዞር ጀመርኩ፤ እስከ ጡረታዬ የኖርኩት በዚያ ነው። «ይጥፋ» የሚለውን ቃል ፈጽሜ አልተውኩትም፤ ሰው እንደመሆኔ አሁንም የበር ጩኸት ያናድደኛል። ግን ከዚያ ወዲህ ከመጻፌ በፊት ድምፁ የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አላለፍኩም። አንዳንዴ ባለቤቱ፣ «አጥፊው፣ የጎረቤቴ ፍየል ናት» ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ እኔም እጄን እሰበስባለሁ። እኔ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ገና ያልተማረ ይመስለኝ ነበር። እናንተ እንደዚያ አታስቡ ይሆናል፤ እኔ ግን አስብ ነበር፤ ያንን ከውስጤ ያወጣችልኝ ፊደል የማታውቅ፣ ቃል ከአፏ የማይወጣ ሴት ናት። በጥፊ።

እማማ ሙሚና ከሐጅ የተመለሱ ዕለት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከስተዋል፤ ፊታቸው ግን በርቷል። ረምላ አልከሳችም። እንግዳው ቀለል ሲል ረምላ የእናቷን እጅ ይዛ ደረጃውን ቀስ እያደረገች አወጣቻቸው፤ እኔንም በዓይኗ ጠራችኝ። ስፒከሩ አጠገብ አስቀመጠቻቸው፤ መዳፋቸውን አሳረፈችላቸው፤ ካሴቱን ወደ መጨረሻው አሳልፋ ከፈተችው።

እማማ ሙሚና ጥቂት ጠበቁ። ግንባራቸው ተሸበሸበ።

«ብርቄ፣ ምንድን ነው ይሄ? ከበሮው የት ሄደ? ማሽኑ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም፣ እማማ። እርስዎ ነዎት። ወደ ረምላ ሲሄዱ ነው።»

መዳፋቸውን አላነሡም። እርምጃው ክፍሉን አቋርጦ እስኪያልቅ ጠበቁ። ረምላን አዩዋት፤ እሷ ደግሞ የእናቷን ፊት እንጂ ሌላ አታይም ነበር።

«ያረቢ» አሉ በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «እንዲህ ነው እንዴ የምከብደው?»